እስከ ሁለት መቶ

ጢሞቴዎስ ካቻቢቴውን ይዞ ቤቴ ሲመጣ ይኼ ሦስተኛው ነው። ሀይ ጀላባ የሚባለው ሰፈር ሞባይል ይሠራል፤ የሁለት ልጆች አባት ነው፤ ቤተ ክርስቲያናችን ውስጥ ጊታር ይመታል። መጥፎ ሰው አይደለም። ችግሩ አንድ ነው፤ የተዘጋ ነገር ሲያይ እጁን ይበላዋል።

«እማማ ማኔ፣ አርባ ዓመት የሞላው ካፓሲተር እኮ ፈንጂ ነው» ይለኛል። «ሳይበላሽ ልቀይርልዎት። ገንዘብ አልጠይቅም።»

«ትሠራለች?»

«አሁንማ ትሠራለች፤ ግን...»

«ግንህን ይዘህ ሂድ።»

ኮምፒውተሯ ጁባ፣ ማላኪያ ሰፈር ባለው ቤቴ፣ ፀሐይ በማያገኛት ጥግ ተቀምጣለች። ከዛሬዎቹ ጋር አታወዳድሯት። ቁልፎቿና ሆድዋ አንድ ላይ ናቸው፤ ሁሉ ነገሯ ተደማምሮ ከመጽሐፍ ቅዱሴ ትንሽ ብትበልጥ ነው። ፊት የላትም፤ ቴሌቪዥን ላይ ትሰካለች። ሲያጠፏት ሁሉን ትረሳለች፤ ሲያበሯት የምታውቀውን እንደገና ከካሴት ትሰማለች። በዚህ ከተማ እንደ እሷ ያለ ኮምፒውተር የነበራቸው ዲግሪ ያላቸው ሦስት ሰዎች አውቃለሁ። ሦስቱም «አሳደስነው» ብለው ነገሩኝ። ሦስቱም ዛሬ በር ያስደግፉበታል። እኔ ትምህርት ቤት ደጅ አልደረስኩም፤ ፊደል የቆጠርኩት በአርባ ዓመቴ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ነው። የእኔ ትሠራለች።

ለምን እንደማላስከፍታት ለሚጠይቅ ሁሉ አጭሩ መልሴ «አባቴ አትከፈት ስላለ» ነው። ረጅሙን እስከ ዛሬ ለማንም አልነገርኩም።

የዘጠኝ ወይም የአሥር ዓመት ልጅ ነበርኩ፤ የመዘገበው ስለሌለ አትከራከሩኝ። ጁባ በሱዳን መንግሥት ወታደር እጅ ነበረች፤ ዙሪያዋን አማፂዎቹ ይዘውታል። መንገዱ ሁሉ ተዘግቶ ጨውም ሳሙናም ወሬም የሚገባው በአውሮፕላን ነበር። አማፂዎቹን ኢትዮጵያ ትረዳለች ስለሚባል፣ ሐበሻ ሆኖ ማላኪያ ገበያ መሃል መቆም በራሱ ጀርባ ያሳክካል። የሚያሳዝነው እኛ ከዚያችው ኢትዮጵያ የሸሸን ሰዎች ነበርን። አባቴን እሱባለውን ደርግ ጴንጤ ነህ ብሎ አስሮት፣ ሲፈታ እናቴን ተሻለችንና እኔን ይዞ በጋምቤላ ተሻገረ። መንገድ ሊያሳየን አብሮን የወጣው ዱኦል የሚባል የጋምቤላ ኑዌር እዚያው ከእኛ ጋር ቀረ። አማርኛው ከእኔ ይሻላል፤ ስድቡም እንደዚያው።

አባቴ የሚሲዮን ክሊኒክ ውስጥ ይሠራ ነበር። የሳንባ ነቀርሳ በሽተኞች ማን መቼ መድኃኒት እንደሚወስድ፣ ማን እንደቀረ የሚመዘግበው እሱ ነው። ኮምፒውተሯን ያመጣት ፈረንጅ ሐኪም ጦርነቱ ሲጠና አገሩ ገባ፤ እሷን ለአባቴ ትቶለት ሄደ። ቤታችን እዚያው ክሊኒኩ ግቢ ውስጥ ስለሆነ ጠረጴዛዋ የእኛ ቤት ውስጥ ነበረች። ዱኦል የክሊኒኩን መኪኖች ይጠግናል።

ጄኔሬተሩ ከቅዳሜና እሑድ በቀር በየቀኑ ከአሥር እስከ አሥራ ሁለት ሰዓት ይሠራል። ተነሥቶ ድምፁ እስኪረጋ አባዬ ኮምፒውተሯን አይነካትም። ከዚያ እናቴ ያጠበችውን ነጭ ጨርቅ በሁለት እጁ ይገልጣል። ሥሯ የተቀመጠችውን ከሰል የሞላች ቆርቆሮ አንሥቶ ወደ ጎን ያደርጋል። ስፒናውን ግድግዳ ላይ አይሰካም፤ አምፖል የተተከለባት አንዲት ጣውላ አለችው፤ እሷ ላይ ይሰካል። አምፖሉ ቦግ ይላል፤ ወዲያው ይደበዝዛል። «አጎነበሰ» ይላል አባዬ ቀስ ብሎ። ከዚያ መዳፉን ኮምፒውተሯ ላይ ያሳርፋል። ዓይኑን ይጨፍናል። ከንፈሩ ይንቀሳቀሳል። ረጅም ጊዜ ነው፤ ዝንብ ፊቱ ላይ ብታርፍ እንኳ አያባርራትም። ሲጨርስ ከትንሽ ጠርሙስ ጥጥ ነክሮ የቴፑን አፍ ይቀባል። ካሴቱን ይከታል። ያን ጊዜ ትናገራለች፤ ጩኸት ነው፣ ፉጨት ነው፣ መንቀጥቀጥ ነው፤ የሰው ቋንቋ አይደለም።

እኔ ያደግሁት ጉባኤ ውስጥ ነው። እጅ ሲጫን አይቻለሁ፤ ዘይት ሲቀባ አይቻለሁ፤ ሰው ተንቀጥቅጦ በልሳን ሲናገር አይቻለሁ። ስለዚህ ነገሩ ግልጽ ነበር። አባዬ እጁን ይጭንባታል፤ እሷም በልሳን ትናገራለች። ሌላ ምን ልል ኖሯል?

አሁን አውቀዋለሁ። ከሰሉ እርጥበት ይጠጣል። አምፖሉ መስመሩ መሃል ገብቶ ጠባቂ ነው፤ በቦግታው ከቀረ ውስጥ የሚነካካ ሽቦ አለ ማለት ነው፤ ከደበዘዘ ሰላም ነው። ዘይት ያልኩት ስፒሪት ነው። መዳፉ ሙቀት ይለካል፤ ከንፈሩ ደግሞ ይቆጥራል፣ እስከ ሁለት መቶ። እስከዚያ ከወትሮዋ በላይ ካልጋለች ደህና ናት። ልሳኑ የበሽተኞቹ ስም ዝርዝር ነው፤ በካሴት ሲቀዳ እንዲያ ይጮኻል። አባቴ ጸሎተኛ ነበር፤ ማሽን ላይ ግን አንድ ቀን ጸልዮ አያውቅም። «እግዚአብሔር ሥራ አለበት» ይላል።

እምቢ ስትል እንኳ አይከፍታትም። ከውጭ ነው የሚጀምረው፤ ጄኔሬተሩን፣ ሽቦውን፣ ስፒናውን፣ ቴሌቪዥኑን፣ ቴፑን አንድ በአንድ ያያል። ብዙ ጊዜ ገና ቴፑ ጋ ሳይደርስ ትነሣለች። ዱኦል ያበሽቀዋል።

«እኔ ሞተር ፈትቼ እገጥማለሁ፤ አንተ ይቺን የዳቦ ቁራሽ ፈርተህ ትዞራታለህ!»

«ከፈታሃቸው መኪኖች ስንቱ ተነሣ?» ይለዋል አባዬ።

ይሳሳቃሉ። እኔ ግን አልስቅም። አባዬ ፈሪ ነው መባሉ ያንገበግበኛል፤ ደግሞም እውነት ይመስለኝ ነበር።

ለዚህ ይመስለኛል ሺፋ ሱቅ ውስጥ ጉራዬን የነዛሁት። ሺፋ ከግቢያችን ፊት ለፊት ሱቅ ያላት፣ የወዛች፣ ሳቂታ ሴት ናት። ጨው ልገዛ ሄጄ ባንኮኒው ላይ ተደገፍኩ።

«ያ ቢኒያ» አለችኝ፤ አንቺ ልጅ ማለቷ ነው። «ቤታችሁ አመሻሽ ላይ የሚጮኸው ምንድነው?»

«የአባቴ ማሽን ናት። እጁን ሲጭንባት ትናገራለች።»

«ከማን ጋር?»

«ከላይ ጋር።»

«ሩቅ ይሰማል?»

እኔ የእሱባለው ልጅ ዝቅ አድርጌ ላውራ? «ኢትዮጵያ ድረስ!» አልኳት።

ሺፋ ሁለት ከረሜላ ሰጠችኝ። ሌላ ጊዜ የምትሰጠኝ አንድ ነበር።

በዚያው ሳምንት ቅዳሜ ሌላ ጥፋት አጠፋሁ። ቴሌቪዥኑ ፊት ላይ ትንሽ ክዳን አለች። ማንም ቤት በሌለበት ከፈትኳት። ውስጧ በተርታ የተሰደሩ ጥርስ ያላቸው ትንንሽ ጎማዎች ነበሩ፤ አንዷ ጎማ ላይ ቀይ ነጥብ አለ። ኩቴክስ! በእኛ ቤት ኩቴክስ ኃጢአት ነው። እናቴ የጎረቤት ሴት ጥፍር ቀይ ካየች ምራቋን ትውጣለች። እና ያ ኃጢአት አባዬ እጅ የሚጭንበት ቦታ ላይ ምን ይሠራል? ይህን አስቤ አዘንኩ ብል ውሸት ነው። አማረኝ። በጥፍሬ ፍቄ አነሣኋትና ጥፍሬ ላይ ለጠፍኳት። አልያዘችም፤ ረገፈች። ስፍቅ ጎማዋ ከጣቴ ሥር ቅጭ ቅጭ እያለች ዞረች። ክዳኗን ዘጋሁና ወጣሁ።

ሰኞ ጠዋት ገና ሻይ ሳንጠጣ መኪና ግቢው ውስጥ ገባ። አራት ሆነው ነው የመጡት፤ አለቃቸው ሳሊሕ ይባላል። ቀጭን፣ ንጹሕ፣ ሽቶ የሸተተ መሐረብ ከእጁ የማይለይ። የሚጮኹ ወታደሮች ብዙ አይቼ ነበር፤ ይኼ አይጮኽም። ለዚህ ይሆናል እናቴ የያዘችውን ብርጭቆ አስቀምጣ ወደ እኔ የተጠጋችው።

«ዴ ሹኑ?» አለ፤ ይኼ ምንድነው ብሎ በጣቱ ነጭ ጨርቁን አነሣ።

«ኮምፒውተር ናት፣ ጀናቡ። የበሽተኞች መዝገብ» አለ አባዬ።

«ሬዲዮ ናት ይላሉ።»

«ሬዲዮ አይደለችም።»

«ይጫን» አለ ሳሊሕ። ሁለት ወታደሮች እጃቸውን ኮምፒውተሯ ላይ ሲያደርጉ አባዬ መሃል ገባ። እስከዚያ ቀን አባዬ ወታደር ፊት ሲቆም አይቼ አላውቅም።

«እኔን ጫኑኝ። እሷ መኪና ላይ ከተንገጫገጨች ትሞታለች፤ ከሞተች የሚመሰክርልኝ የለም።»

ሳሊሕ ትንሽ አሰበ። «ሐሙስ አሥር ሰዓት እመጣለሁ» አለ። «መዝገብ ከሆነች መዝገቡን ታሳዩኛላችሁ፤ ሰውየው ይመለሳል። ካልሆነች ዓርብ አውሮፕላን አለ፤ ካርቱም ይሄዳል።»

በዚያ አውሮፕላን ከተጫኑት የተመለሰ ሰው በሰፈራችን አልነበረም። ይህን ሕፃንም ያውቀዋል።

አባዬ መኪናው ላይ ሲወጣ ወደ እናቴ ዞረ። ጸልዪልኝ የሚል መስሎኝ ነበር።

«ተሻለች፣ እንዳትከፈት። ዱኦልም ቢሆን እንዳይከፍታት።»

እየወሰዱት እንኳ የሚያስበው ስለ ብሎን! ፍርሃቱ እስከዚህ ነው ብዬ አፈርኩበት። በራችን ላይ አንድ ወታደር ቆሞ ቀረ።

ማክሰኞ ጄኔሬተሩ እንደተነሣ ዱኦል መጣ። ጨርቁን በአንድ እጁ ገፈፈው። አምፖሉን ጣውላ አላያትም፤ ስፒናውን ግድግዳ ላይ ሰካው። እጅ አልጫነም፤ አልቀባም። ቴሌቪዥኑ በራ። ነጭና ጥቁር ጉንዳን ሞላበት፤ ሽሽሽ ብቻ። ቁልፎቹን መታ፣ መታ፣ ጉንዳኑ አልተበተነም።

«ሞታለች» አለ።

እናቴ መሬት ላይ ተቀመጠች።

«ልክፈታት፣ ተሻለች። ውስጧ የተቃጠለ ነገር አለ። ከአሮጌ ሬዲዮ አውጥቼ እለውጣለሁ።»

«አትከፈት ብሏል።»

«ሲል ትሠራ ነበር! አሁን ሞታለች! የሞተን ሰው ሆዱን ብትከፍቺው ምን ይጎዳል?»

«አንተ ሰውዬ፣ ባሌ ነው የታሰረው፤ ካቻቢቴህ አይደለም!» ብላ ከእጁ ነጠቀችውና ደረቷ ውስጥ ወሸቀችው። ዱኦል እየተራገመ ወጣ፤ በሩ ላይ ያለው ወታደር እንዳይሰማ በኑዌርኛ።

እኔ ጥግ ሆኜ እፈራ ነበር። በሽታዋ ከየት እንደመጣ አውቃለሁ። ኃጢአት ነው፤ የእኔ። ከኩቴክሱ ጋር የተጫወትኩት እኔ ነኝ፤ እግዚአብሔር ልሳኗን ወሰደ፤ ከዚያ አባዬን ወሰደ። በልጅ ሒሳብ ትክክል ይመጣል። አሁን ሳስበው እንኳ የሒሳቡ ስሕተት ትንሽ ናት፤ ኃጢአቱ ላይ እንጂ ኃጢአተኛዋ ላይ አልተሳሳትኩም።

ረቡዕ የጉባኤው ሴቶች መጥተው ጸለዩ። እህት ማናህሎሽ፣ ድምፅዋ ቆርቆሮ የሚያንቀጠቅጥ ሴት፣ መሃል ቆማ እጇን አነሣች። «ጌታ ሆይ፣ በዚህ ቤት የተሰወረ ኃጢአት ካለ ይገለጥ!»

«አሜን!» አሉ።

«ይገለጥ!»

አልጋ ሥር ገባሁ። ጉልበቴ ላይ ሽንቴ ወረደ። እናቴ ስታወጣኝ ወባ መስሏት ኪኒን አስዋጠችኝ።

ሐሙስ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ዱኦል ተመለሰ። አልጮኸም በዚህ ቀን። እናቴ ፊት ቁጢጥ አለ።

«ተሻለች፣ አንድ ሰዓት ቀረን። ጉንዳን አሳይተን ሬዲዮ አይደለችም ብንለው ያምነናል? ከከፈትኳት አንድ ዕድል አለን። ካልከፈትኳት አንድም የለም። አንቺ ንገሪኝ።»

እናቴ እጇን ደረቷ ውስጥ ከተተችና ካቻቢቴውን አውጥታ ሰጠችው። ፊቷን ወደ ግድግዳ አዞረች።

ዱኦል ኮምፒውተሯን ገለበጣት። የመጀመሪያው ብሎን ሲፈታ ድምፁን ሰማሁት። ሁለተኛው ተፈታ። ሦስተኛው ላይ ካቻቢቴው እንደገባ የመኪና በር ተዘጋ፤ ሳሊሕ ቀድሞ መጥቷል።

ገብቶ አያት። በጀርባዋ ተገልብጣ፣ ሁለት ብሎን ከጎኗ።

«ምን እየደበቃችሁ ነው?» አለ። አሁንም አልጮኸም።

ከሳሊሕ ጋር የመጣው ወታደር ዱኦልን ክንዱን ያዘው። ጄኔሬተሩ በዚያች ሰዓት ተነሣ፤ ድምፁ ሲንገጫገጭ፣ ሲረጋ ሰማሁ። ሲረጋ አባዬ የሚነሣበት ሰዓት ነው። እግሬ ተነሣ።

«ጸሎቱ አልተደረገም!» አልኩ። ከየት እንደመጣ የማላውቀው ድምፅ ነው። «አባዬ የሚያደርገውን ማንም አላደረገላትም!»

ሳሊሕ «ምን አለች?» ብሎ ጠየቀ። እናቴ በአረብኛ «ልትጸልይ ነው» አለችው። ሳሊሕ የሚሰግድ ሰው ነበር። ወታደሩን በዓይኑ አስቆመው።

ኮምፒውተሯን አቃናኋት። ብሎኖቹን ጨርቁ ላይ አኖርኩ። የከሰሉን ቆርቆሮ አነሣሁ። ቴሌቪዥኑን አብርቼ ስፒናውን አምፖሉ ባለበት ጣውላ ላይ ሰካሁ። ቦግ አለ፤ የሁሉም ፊት ታየ፤ ደበዘዘ። «አጎነበሰ» አልኩ። መዳፌን አሳረፍኩ፤ ዓይኔን ጨፈንኩ። አባዬ ምን እንደሚል ስለማላውቅ የማውቀውን ጸሎት ሁሉ አልኩ፤ አልቆ እንደገና አልኩ። ክፍሉ ውስጥ የወታደሩ ቦት ጫማ ይንቋቋል። መዳፌ ሥር ቀስ ብላ ሞቀች፤ እንቁላል የታቀፈች ዶሮ ሆድ ሥር እጅ የከተተ ሰው ያውቀዋል፤ እንዲያ።

ዱኦል ከኋላዬ በአማርኛ፣ በሹክሹክታ «ጋለች?» አለኝ።

«የለም። እንደ ሁልጊዜዋ ናት።»

ዝም አለ። የዚያን ዝምታ ትርጉም ያወቅኩት ካደግኩ በኋላ ነው። ዱኦል ነገሩ የገባው በዚያች ደቂቃ ነው። አምፖሉ ደህና ናት ብሏል፤ መዳፌም ደህና ናት ብሏል። ኮምፒውተሯ አልታመመችም ነበር። ሦስተኛውን ብሎን ፈትቶ ውስጧን ነካክቶ ቢሆን ኖሮ ደህናዋን ይገድላት ነበር፣ አባቴንም አብሮ።

እኔ ግን ዓይኔን ስገልጥ ጉንዳኑ አሁንም አለ። ስለዚህ የቀረው አንድ ነገር ነው፤ እህት ማናህሎሽ የጠራችው።

«እኔ ነኝ!» ብዬ ተንሰቀሰቅሁ። «እኔ ነኝ ኃጢአተኛዋ! አባዬን መልሱት፤ እኔን ውሰዱኝ!»

እናቴ ብድግ አለች። «ምን አድርገሽ?»

«ቀይዋን ፋቅኳት! ኩቴክሷን!»

«የቷን ኩቴክስ?»

በጣቴ የቴሌቪዥኑን ክዳን አሳየሁ። «እዚያ ውስጥ። ስፍቃት ዞረች።»

ዱኦል ክንዱን ከወታደሩ እጅ ቀስ አድርጎ አወጣ። ክዳኗን ከፈተ። በአውራ ጣቱ ጥፍር የመጀመሪያዋን ጎማ ነካ፤ ምንም። ሁለተኛዋን፤ ምንም። ሦስተኛዋን ቅጭ፣ ቅጭ ሲያደርግ ጉንዳኑ ሳሳ። ተንጋደደ። ሄደ። ነጭ ሜዳ ሆነ፤ ከሥሩ አንዲት መስመር ጥቁር ጽሑፍ።

እናቴ እልል ልትል አፏን ከፍታ ሳሊሕን አይታ ዘጋችው።

ነጥቧን የቀባው አባቴ ነበር፤ ከክሊኒኩ ነርስ ከካትሪን ኩቴክስ ተውሶ። ኮምፒውተሯ የምትታየው ጎማዋ እዚያ ቦታ ላይ ስትሆን ብቻ ነው። እሱ ቤት ቢሆን ኖሮ ካሴት ጋ ሳይደርስ በሁለት ደቂቃ ያገኘው ነበር።

ዱኦል ካሴቱን ከቶ አስነሣው። ጩኸቱ ክፍሉን ሞላው፤ የሳሊሕ እጅ ወደ ወገቡ ሄደ።

«ይኼ ነው!» አለ። «የሚሰማው ይኼ ነው! ከማን ጋር ነው የምታወራው?»

«ከማንም ጋር፣ ጀናቡ።» ዱኦል ካሴቱን አወጣው፤ ጸጥ አለ። መለሰው፤ ጮኸ። «ይኸው፤ ጩኸቱ እዚህች ፕላስቲክ ውስጥ ነው። ወደ ውጭ የሚሄድ የለም፤ ወደ ውስጥ ነው የሚገባው።»

ሳሊሕ ካሴቱን በሁለት ጣቱ ይዞ አገላበጠው፤ መለሰለት። እንደገና ጮኸ፤ አለቀ። ስሞች በተርታ ወረዱ። ሳሊሕ ወደ ቴሌቪዥኑ ተጠግቶ ጎንበስ አለ።

«የማን ስም ነው? የአማፂ?»

«የሚያስሉ ሰዎች። ኮከብ ያለበት መድኃኒቱን ያቋረጠ ነው።»

ሳሊሕ በጣቱ ቆጠረ። ገጹ ሞልቶ ሌላ መጣ፤ ሌላ መጣ።

«ይኼ ሁሉ ሰው ያስላል?» አለ። ከዚያ ያ ሽቶ የሸተተ መሐረቡን አፉ ላይ አድርጎ ሁለት እርምጃ ወደ ኋላ ሄደ፤ ከቴሌቪዥኑ እንዳይጋባበት። እዚያው ሆኖ «ነገ» አለ በመሐረቡ ውስጥ፤ ወጣ።

አባዬ ዓርብ ከሰዓት በኋላ በእግሩ መጣ። ግራ ጆሮው አይሰማም ነበር። ምን ሆነህ ነው ስለው ውኃ ገብቶበት ነው አለኝ። አመንኩት። መጀመሪያ ያደረገው ኮምፒውተሯን ገልብጦ ሁለቱን ብሎኖች ማጥበቅ ነው፤ ለዱኦል ምንም አላለውም። ከዚያ ቀይ ነጥቧን እንደገና ቀባት።

እኔስ? እኔ የጉባኤው መስካሪ ሆንኩ። ኃጢአቴን ስናዘዝ ጌታ ማሽኗን ፈወሰ፤ አባቴን ከእስር አወጣ፤ ይህን በየዓመቱ ቆሜ መሰከርኩ። ምላሴ እንደሆነ ታውቁታላችሁ፤ ሳሳምር ሴቶቹ ያለቅሱ ነበር። አባዬ ሁልጊዜ ፊት ወንበር ላይ፣ ቀኝ ጆሮውን ወደ እኔ አዙሮ ይቀመጣል። ስጨርስ ከሁሉ ቀድሞ አሜን የሚለው እሱ ነው። ሃያ አምስት ዓመት።

የደቡብ ሱዳን ነጻነት ሊታወጅ ጥቂት ወራት ሲቀሩት አባዬ የመጨረሻ አልጋው ላይ ነበር። ዱኦል ሊጠይቀው መጣ፤ ጥርሱ ረግፎ ስድቡ ብቻ ቀርቶታል። ሊያስቀው ፈልጎ ወደ እኔ ጮኸ።

«አንቺ! በሁለት ከረሜላ የሸጥሽው አባትሽ ይኸው ሰባ ሞላው፤ ገዢሽ ግን አፈር በላ!»

አባዬ ዱኦልን አየው። ዱኦል ብርድ ልብሱን አስተካከለለትና «መኪናዬ» ብሎ ወጣ። መኪና የለውም።

ስለ ሁለቱ ከረሜላ ለማንም ነግሬ አላውቅም። አልጋውን ዞሬ በቀኝ ጆሮው በኩል ተቀመጥኩ።

«ማነው የነገረው?»

«ሽማግሌ ነው፤ ይቀባጥራል።»

«አባዬ።»

ጣራውን አየ። «ሳሊሕ አንብቦልኝ ነበር» አለ። «የሺፋን ቃል። ልጁ ኢትዮጵያ ድረስ ይሰማል አለችኝ፤ ሁለት ከረሜላ ሰጥቻት ሁሉን አወራችኝ ብላለች።»

«ጆሮህስ?»

«እሱም ያን ቀን ነው።»

የተናዘዝኩት ኩቴክሱን ነበር። ሃያ አምስት ዓመት እዚያ መድረክ ላይ ቆሜ፣ በምላሴ ያሳሰርኩትን ሰው በምላሴ ያስፈታሁ መስሎኝ ስፎክርበት፣ እሱ በቀረችው ጆሮው ሰምቶኛል፤ አሜን ብሏል። ተናደድኩ። እውነቱን ልናገር፣ ከማልቀሴ በፊት ልመታው ነበር።

«ለምን አልነገርከኝም?»

ፊቱን ወደ እኔ አዞረ። የምጠይቀው ነገር ያስገረመው መሰለ።

«ደህና ትሠሪ ነበራ፣ ማኔ» አለ። «የሚሠራን ነገር ምን ብዬ እከፍታለሁ?»

ከዚያ ወዲህ አልመሰከርኩም። ምክንያቱን የሚጠይቁኝን ጉሮሮዬን አሞኛል እላቸዋለሁ።

ጢሞቴዎስ ካቻቢቴውን ይዞ አሁንም ፊቴ ቆሟል። ጠዋት የጀመረው ዝናብ አባርቷል፤ መብራት አለ። ተነሥቼ ጨርቁን ገለጥኩ። ከሰሏን አነሣሁ። ጣውላዋ ያችው ናት፤ አምፖሉ ብቻ ስንት ጊዜ ተለውጧል። ቦግ አለ፤ አጎነበሰ። መዳፌን አሳርፌ ዓይኔን ጨፈንኩ። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት። ቆዳዬ እንደ ድሮው አይደለም፤ ሙቀቷ እስኪሰማኝ መቶ ያልፋል። መቶ ሰማንያ ላይ የሆነ ነገር ወለሉ ላይ ሲቀመጥ ሰማሁ። ሁለት መቶ። እንደ ሁልጊዜዋ ናት።

ዓይኔን ስገልጥ ጢሞቴዎስ ካቻቢቴውን መሬት አስቀምጦ፣ ኮፍያውን አውልቆ፣ አንገቱን ደፍቶ ቆሟል። ቀና አለና በጣም ቀስ ብሎ «አሜን፣ እማማ» አለኝ።

እቆጥር እንደነበር ልነግረው አፌን ከፈትኩ። ከዚያ ፊቱን አየሁት።

«አሜን» አልኩት።